ሐኪም በባዕድ አገር

ቁስለኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሐኪሙን አገር አይደለም፤ ሕመሙን ያውቅለት እንደ ሆነ ነው እንጂ። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም ለቁስለኛው ባዕድ ነበረ፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን ያሰረለት ግን እርሱ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሳሪስ ሰው ሲታመም ከሚሄድባቸው አንዱ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው፤ በዚያም ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጎን ከቻይና የተላኩ ሐኪሞች ሲያገለግሉ ኖረዋል። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1959 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን የሦስት ዓመት ውል ገብተው ከአውስትራልያ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ምጥ ጸንቶባቸው በፊስቱላ የሚሠቃዩትን፣ ከሰው ተለይተው የሚኖሩትን እኅቶቻችንን ባዩ ጊዜ ግን መመለሱን ተዉት፤ በ1974ም ለእነዚሁ ሴቶች የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2012 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ2020ም በዚሁ ከተማ ዐረፉ። መንግሥት የሥራ ፈቃድ፣ ሕዝቡም እምነቱን ባይሰጣቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተደረገ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ወደ ቤታችን ገብቷል፤ እንግዳው ሐኪም የእኛው ልጅ ሆኗልና። ወደ አሜሪካ የሄደ ሐኪም በአገሩ ያገኘው ፈቃድ በዚያ አይሠራለትም። የትምህርት ማስረጃው ይመረመራል፤ ከባድ ፈተናዎችን ይፈተናል፤ ከዚህም በኋላ፣ በአገሩ ስመ ጥር የነበረ እንኳ ቢሆን፣ እንደ ልማዱ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ በተለማማጅነት እንዲሠራ ይገደዳል። እስከዚያው ድረስ አረጋውያንን በመጦር ወይም ታክሲ በመንዳት የሚተዳደር አለ።

መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ዲያቆን እንኳ ሳይመረመር እጅ አይጫንበትም። ነገር ግን የተማረውን ሰው እንዳልተማረ መቍጠር ሌላ ነገር ነው። ይህንንም የተረዱ አሉ። በ2023 የቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ በውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞች ፈተናውን ካለፉና የሚቀጥራቸው ካገኙ፣ የተለማማጅነቱን ዘመን ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ፣ በሌሎች ሐኪሞች ክትትል እንዲሠሩ የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? በአገር ቤት ያለን ወላጆችና ዘመዶች ልጃችን ለፈተና በሚዘጋጅበት ዘመን በየወሩ ገንዘብ ላክ እያልን አናስጨንቀው፤ የፈተናው ወጪ ራሱ ከባድ ነውና። ዝቅ ባለ ሥራ መዋሉንም እንደ ነውር ቈጥረን ለጎረቤት አንደብቅ፤ በላቡ የሚያድር ሰው አያሳፍርም። በውጭ ያሉ አጥቢያዎች ደግሞ አስቀድመው መንገዱን ያለፉት ሐኪሞች አዲሶቹን እንዲመሩ ያገናኟቸው፤ ለጥናት የሚሆን ክፍል ይስጧቸው፤ ዜግነት ያላቸው ምእመናንም እንዲህ ያለው ሕግ በየክፍለ ግዛታቸው እንዲወጣ ለእንደራሴዎቻቸው ያመልክቱ።

«ለምን አገሩን ትቶ ሄደ?» የሚል ይኖራል። ሥራ ፈቶ ሙያው የቀዘቀዘበት ሐኪም ግን ለዚያም አገር ለእኛም አይበጅም፤ በሙያው የቆመ ሐኪም ተመልሶ ሊያክምና ሊያስተምር ይችላል።

በመካከላችን የሚሠራውን እንግዳ ሐኪምም ቋንቋችንን ቢያሳስት ሳንስቅበት፣ ሕመማችንን በትዕግሥት እናስረዳው። በባዕድ አገር ላሉት ልጆቻችን የምንመኘውን እኛ አስቀድመን እናድርገው። የድውያን ፈዋሽ እግዚአብሔር የሁላቸውንም እጅ ይባርክ።