ጠዋት የሚያገሳው ፋን

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት፣ አዳማና ሞጆ ዙሪያ ያደሩ ከባድ መኪኖች ሲነሱ ከሞተራቸው ፊት ከባድ የንፋስ ድምፅ ይወጣል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ድምፁ አብሮ ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳይነካው ይረግባል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ በፋኑ ክላች ውስጥ ሌሊት ቦታውን የለቀቀ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ ነው።

የሞተር ፋን ሁልጊዜ መዞር አይጠበቅበትም። ከሞጆ በመቂና በባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ መኪናው ሲሮጥ፣ ፊት ለፊት የሚመጣው ንፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ፋን ደግሞ ጉልበት ይበላል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚወስደው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሙሉ ፍጥነቱ ሲዞር ከሞተሩ ጉልበት እስከ 10 በመቶ ሊወስድ ይችላል። 371 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ይህ 37 የፈረስ ጉልበት ያህል ማለት ነው። ፋን ክላች የተሠራው ለዚህ ነው፦ ሲያስፈልግ ፋኑን ከሞተሩ ጋር ያያይዛል፤ ሳያስፈልግ ይለቀዋል።

በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ዓይነት በሲሊኮን ዘይት ይሠራል። በሞተሩ የሚዞር ዲስክና ፋኑ የታሰረበት ቤት ሳይነካኩ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ዘይቱ ሲሞላ፣ በሁለት መዳፍ መካከል ያለ ማር አንዱ እጅ ሲንቀሳቀስ ሌላውን እንደሚጎትተው፣ ዲስኩ ቤቱን ይዞት ይዞራል። ለዘይቱ በር የሚከፍተው ከፊት ያለ ጥምዝ ሞላ ነው። ሞላው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስለሆነና ብረቶቹ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ፣ በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣው አየር ሲግል ይጠማዘዛል፤ በሩም ይከፈታል። አየሩ ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፤ ዲስኩ በመዞሩም ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይገፋል።

የጠዋቱ ጩኸት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚገፋው የለም። በክፍተቱ ውስጥ የቀረው እዚያው ያድራል፤ ክላቹ በቆመበት አቀማመጥ ምክንያትም ከማጠራቀሚያው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ንጋት ላይ ሞተሩ ሲነሳ ፋኑ ተይዞ ይዞራል። ብርዱ ዘይቱን ስለሚያወፍረው ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ በአየር ግፊት የሚለቀቅ ክላች አላቸው። በእነዚህ ላይ ፋኑ የሚያርፈው የአየር ታንኩ ሲሞላ ነው።

አሳሳቢው ነገር ሌላ ቦታ ነው። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ ይህን ዳገት በቀትር ሙቀትና በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። በአዳማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ሰባተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ፋኑ መጮህ ያለበት ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ጮኾ ዳገት ላይ ዝም የሚል ፋን ጓርኒሲዮን ሊያስቃጥል ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ጩኸቱ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ከረገበ ደህና ነው፤ ሞተሩን በኃይል ማስጮህ አያስፈልግም። መንገድ ተጀምሮም ካላቆመ ክላቹ ተጣብቆ ወይም በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ቺንጋውን፣ የሚንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታውን መመልከት ይሻላል። በዘይት የሚሠራውን ክላች ለመፈተሽ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ፋኑን በእጅ መግፋት ነው። ጥቂት እየተቋቋመ ቢዞር መልካም ነው። ያለ ምንም መያዝ ደጋግሞ ከዞረ ዘይቱ አልቋል፤ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ተጣብቋል። ከክላቹ መሐል ተነስቶ የተረጨና አቧራ የያዘ ዘይት ካለ ፈስሷል ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ ሞላው ላይ የሚጋገረው ጭቃ ሙቀቱን ስለሚያዘገይበት፣ ሞላውንም የራዲያተሩን ክንፎችም ማጽዳት የዘወትር ሥራ መሆን አለበት።

አንዳንዶች ጣጣውን ለመገላገል ክላቹን በብየዳ ወይም በብሎን አስረው ፋኑን ሁልጊዜ እንዲዞር ያደርጉታል። መንገድ ላይ ለቆመ መኪና እስከ ጋራዥ ማድረሻ ይሆናል፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ናፍጣው ያለ ሥራ ይቃጠላል፣ ሞተሩ በብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ይጎዳሉ፣ በከፍተኛ ዙርም የፋኑ ክንፍ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ባለንብረቶችና ሹፌሮች፦ ጠዋት ለሚጮኸው ፋን ደቂቃዎች ስጡት፤ ዳገት ላይ ዝም ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ለመካኒክ አሳዩት።