በረዶ የዘጋው ሆቴልና ጠባቂው

በበረዶ ውሽንፍር ከዓለም ስለተቆረጠ ሆቴል የሚተርኩ አስፈሪ ልብ ወለዶች ሲነሡ ቶሎ ትዝ የሚሉን መናፍስቱ፣ ጭር ያለው ኮሪደርና የተቆለፈው ክፍል ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች ጎን ለጎን ላነበበ ግን ፍርሃቱ የሚመነጨው እንግዶች ሁሉ ከሄዱ በኋላ ለደመወዝ ሲል እዚያው ከቀረው ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለው የተራራ ሆቴል የሚኖረው በሞቃቱ ወራት እንግዳ ነው። መንገዱን ከበረዶ እየጠረጉ ክፍት ማቆየት ከገቢው በላይ ሲያስወጣ ባለቤቱ ዘግቶ ይወርዳል። ሕንፃው ግን ብቻውን አይተውም፤ ቧንቧው በርዶ እንዳይፈነዳ፣ ጣሪያው እንዳይበላሽ የሚያሞቅና የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ያን ሥራ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ምርጫ ያጣ ሰው ነው።

ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው «ሎበርዥ» በተባለ አጭር ልብ ወለዱ ይህን ቀድሞ አይቶታል። ቦታው በስዊዘርላንድ አልፕስ፣ በጌሚ መተላለፊያ ላይ የሚገኘው የሽቫረንባክ ማረፊያ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ቤቱን ለሁለት መንገድ መሪዎች፣ ለሽማግሌው ጋስፓርና ለወጣቱ ኡልሪክ፣ ሳም ከሚባል ውሻ ጋር ትተው ይሄዳሉ። ሽማግሌው ለአደን እንደወጣ ይቀራል። ኡልሪክ ፈልጎ አጥቶት ከተመለሰ በኋላ ሌሊት የሚጣራ ድምፅ ይሰማል፤ የጓደኛው ነፍስ መስሎት በሩን ከርችሞ በዕቃ ይደግፈዋል። ከውጭ በሩን የሚቧጭረውና የሚያላዝነው ግን ሳያውቀው ደጅ የቀረው ውሻ ነው። ብርዱ አልፎ ቤተሰቡ ሲመለስ ከደጃፉ አጽም፣ ከውስጥ አእምሮውን የሳተ ሰው ያገኛል። መንፈስ አለ ብለን እንድናምን የሚያስገድደን አንድም ነገር የለም። ወጣቱን ያጠፋው ብቸኝነት ነው፤ ብቸኝነቱን ያመጣበትም የተቀበለው ሥራ ነው።

እስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 መገባደጃ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኤስተስ ፓርክ በሚገኘው ስታንሊ ሆቴል ከሚስቱ ጋር ያደረው ሆቴሉ ሊዘጋ ሲል ነበር። ከዚያ ሌሊት የተነሣው «ዘ ሻይኒንግ» በ1977 ታተመ። ጃክ ቶራንስ ተማሪ ደብድቦ ከመምህርነት የተባረረ፣ ከመጠጥ ጋር የሚታገል አባወራ ነው፤ የኦቨርሉክ ሆቴል ጠባቂነት የመጨረሻ ዕድሉ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከመናፍስቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ምድር ቤት ያለው አሮጌ ቦይለር ይመስለኛል። ግፊቱ በራሱ እየጨመረ ስለሚሄድ ጃክ በየጊዜው ወርዶ እንፋሎቱን ማስተንፈስ አለበት። ሆቴሉ አእምሮውን ሙሉ በሙሉ ሲወስድበት የሚዘነጋው ይህንኑ ነው፤ ኦቨርሉክም ፈንድቶ ይጋያል።

የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም (1980) ይህን አስተያየት ያፈርሰዋል የሚል ይኖራል፤ በእርግጥም ፍንዳታው በፊልሙ የለም፣ ጃክ የሚሞተው በአጥር ቁጥቋጦ በተሠራ ውስብስብ መንገድ ውስጥ በርዶ ነው። ኪንግም ፊልሙን እንዳልወደደው ደጋግሞ ተናግሯል። ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ ቦይለሩን የምትቆጣጠረው ሚስቱ ዌንዲ ናት፤ ጃክ ከጽሕፈት መኪናው አይነሣም። ልጃችንን ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ስትለው የሚያስቆጣው ደግሞ ለአሠሪዎቹ የገባው ውልና ኃላፊነት ነው። ኩብሪክ ማሽኑን ወደ ዳር ቢገፋውም ውሉን መሐል ላይ አስቀምጦታል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በብዙዎቹ ታሪኮች የሚታገቱት እንግዶች ናቸው። የአጋታ ክሪስቲ «ዘ ማውስትራፕ» (1952) በረዶ በዘጋው የእንግዳ ማረፊያ፣ የሻሪ ላፔና «አን አንዋንትድ ጌስት» (2018) ደግሞ በካትስኪል ተራሮች ሆቴል ውስጥ ይካሄዳሉ። እነዚህ ግን የግድያ ምርመራ ታሪኮች ናቸው፤ እንግዳ ከእንግዳ ጋር ሲታገት ጥያቄው «ገዳዩ ማነው?» ይሆናል፤ ጠባቂው ብቻውን ሲቀር ግን ጥርጣሬው ወደ ራሱ ይዞራል። በሁለቱ መካከል የቆመው የሶቪየቶቹ የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾች ሥራ በ1970 ታተመ። ኢንስፔክተር ግሌብስኪ ለዕረፍት በሄደበት ሆቴል የበረዶ ናዳ መውጫውን ይዘጋል። እንግዳ ሆኖ ቢመጣም ወዲያው ወደ ፖሊስነቱ ይመለሳል፤ ከእንግዶቹ መካከል ከሌላ ዓለም የመጡትንም ሕጉ አይፈቅድልኝም ብሎ ይይዛቸዋል። አምልጠው ሲሸሹ ይገደላሉ፤ እሱም ትክክል አድርጌ ይሆን እያለ ዕድሜውን ይገፋል።