ሲሞቅ አልነሣም የሚል ሞተር ሳይክል፤ ምክንያቱና የምርመራው ሥርዓት

ሞተር ሳይክል በማለዳ ቅዝቃዜ ለመነሣት ሲያስቸግር ብዙዎቻችን አይተናል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ችግር ግን ይበልጥ ግራ ያጋባል። ጠዋት በመጀመሪያው እርግጫ የተነሣው ሞተር ረጅም መንገድ ተጉዞ ለጥቂት ደቂቃዎች ከጠፋ በኋላ እንደገና አልነሣም ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልደረሰበት ሁሉ ይነሣል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሲወስደው ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሚደርስ ምልክቱ ይጠፋል፤ መካኒኩም በግምት አንዱን ዕቃ አውጥቶ ሌላውን ይገጥማል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሕጎች ይህን ችግር ለመፍታት እንዴት እንደሚረዱን እንመለከታለን።

ለምሳሌ ያህል አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያን እናስብ። ይህ ባለሙያ በበረዶ የታሸገ የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ጎጃም ይጓዛል። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለባቸው፣ በረዶው ከማለቁ በፊት ከገበሬዎቹ ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ከድልድዩ ተነሥቶ በዝቅተኛ ማርሽ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ደረሰ። ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢረግጠው ቢረግጠው ሞተሩ እምቢ አለ።

ሞተር ምን ያስፈልገዋል?

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው በተገቢው መጠን የተቀላቀለ የአየርና የቤንዚን ውሕድ ነው፤ 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሁለተኛው ይህን ውሕድ በፒስተን አምቆ የሚይዝ፣ የማያፈስ ሲሊንደር ነው። ሦስተኛው በካንዴላው ጫፍ በትክክለኛው ሰዓት የሚፈነጥቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን፣ ሙቀት ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን አበላሸ? የሚል ይሆናል።

ሙቀትና ቤንዚን

ሞተር ሳይክሉ ሲጓዝ ነፋሱ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ከታንኩ የሚመጣው ቀዝቃዛ ቤንዚንም ካርቡረተሩን ያበርደዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱም ይቋረጣሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን በብረቱ በኩል እየተላለፈ ወደ ካርቡረተሩ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ካርቡረተሩ በጉዞ ላይ ከነበረው ይልቅ ቆሞ ሳለ የበለጠ ይሞቃል። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ የሚመስል ቢሆንም የችግሩ ቁልፍ ነው።

ቤንዚን እንደ ውኃ በአንድ የሙቀት መጠን የሚፈላ ፈሳሽ አይደለም። የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ በመሆኑ ቀላሎቹ ክፍሎቹ በ35 ዲግሪ ገደማ መትነን ሲጀምሩ፣ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቆያሉ። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በደጀን ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቤንዚንም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል።

በካርቡረተሩ ውስጥ የፈላው ቤንዚን ሁለት ተቃራኒ ጉዳቶችን ሊያስከትል ይችላል። እንፋሎቱና የሚገነፍለው ፈሳሽ ወደ ሲሊንደሩ መግቢያ ከገባ ውሕዱ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ይርሳል። እንፋሎቱ በቀጭኑ ቧንቧ ውስጥ አረፋ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ቤንዚኑን እንዳያልፍ ያግደዋል። የታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነም፣ ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ በታንኩ ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ ፍሰቱ ይቆማል። ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የተለያየ ነው።

ሙቀትና ብረት

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቫልቭ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር 0.29 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቫልቩን የያዘው የሲሊንደር ራስም ስለሚለጠጥ ልዩነቱ በከፊል ይካካሳል፤ ያም ሆኖ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል የሚተወው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። መቀመጫው እየተበላ ክፍተቱ ከጠበበ፣ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀርና የታመቀው ውሕድ ያፈተልካል።

በብልጭታው ክፍልም ሙቀት የራሱ ድርሻ አለው። የመዳብ ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ጭማሪው ወደ 31 በመቶ ይሆናል። ይህ በራሱ ጤናማ ነው። ነገር ግን በኮይሉ ውስጥ በጥቂቱ የተሰነጠቀ ሽቦ ወይም የሳሳ ሽፋን ካለ፣ መለጠጡ ስንጥቁን ይከፍተዋል፤ ብልጭታውም ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ስለሚገጥም ኮይሉ እንደገና ይሠራል።

በመንገድ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው መከናወን ያለበት ችግሩ በታየበት ሰዓት፣ ማለትም ሞተሩ እንደሞቀ ነው። በአካባቢው እሳትና ሲጋራ መኖር የለበትም፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በመሬቱ ላይ ይንሰራፋልና።

በመጀመሪያ የታንኩን ክዳን እንክፈት። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ቀዳዳ ነው። ቀጥለን በእርግጫው የሞተሩን ግፊት በእግራችን እንመዝን፤ ከጠዋቱ በእጅጉ ከላላ ቫልቩን እንጠርጥር። ከዚያም ካንዴላውን በጨርቅ ይዘን፣ ክሩ እንዳይበላ በዝግታ እንፍታው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። በመጨረሻም ካንዴላውን ወደ ቦታው መልሰን፣ የፈሰሰውን ቤንዚን ጠርገን፣ ሌላ መጠባበቂያ ካንዴላ በሽቦው ላይ ሰክተን አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር እያነካካን ብልጭታውን እንይ። አሁን ብልጭታ ከሌለና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ጥርጣሬው በኮይሉና ከእርሱ ጋር በተያያዙት ክፍሎች ላይ ያርፋል።

ወደ ባለሙያችን እንመለስ። ክዳኑን ከፈተ፤ ድምፅ አልነበረም። ግፊቱ እንደ ወትሮው ነው። ካንዴላው ግን እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ ብልጭታውም ደህና ነው። እንግዲህ በዝቶ የገባው ቤንዚን መውጣት አለበት ማለት ነው። የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋ፤ ካንዴላውን አድርቆ መለሰ፤ ቾኩን ሳይነካ የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ደጋግሞ ረገጠ። ብዙ አየር ሲገባ ውሕዱ ቀስ በቀስ ወደ ተገቢው መጠን ይመለሳልና ሞተሩ ተነሣ። ቀድሞ ግን እንደ ልማዱ ቾኩን ስቦ ነበር፤ በሞቀ ሞተር ላይ ይህ ቤንዚኑን ይበልጥ ያበዛዋል።

ይህ የመንገድ መፍትሔ እንጂ ፈውስ አይደለም። ቤቱ ሲደርስ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ በካርቡረተሩ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊና መርፌውን መመርመር፣ በካርቡረተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ሙቀት ከላካይ ንጣፍ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባዋል። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ በሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ቤንዚኑ በፓምፕ ግፊት ስለሚያዝ በቀላሉ አይፈላም። በእነርሱ ግን የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ የሞቀውን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ብሎ ከነገረ ቤንዚኑ ያለ ልክ ይረጫል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ቁም ነገር ከሞተር ሳይክል ያልፋል። ዕቃ ከመለወጥ በፊት ጥርጣሬዎችን መዘርዘር፣ እያንዳንዱንም በአንድ ቀላል ሙከራ መፈተን፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ሳይንሳዊ ዘዴ የምንለው ይኸው ነው። በቤተ ሙከራ የምንማረው ይህ ዘዴ በደጀን አቀበት ጫፍ ላይም የክትባቱ በረዶ ከማለቁ በፊት ሊያደርሰን ይችላል።