ከኤሌክትሮኒክ ምንጮች የተገኘን መረጃ በጥናት ጽሑፍ ስለ ማጣቀስ

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ደቀ መዝሙር አንድን ትርጓሜ ሲናገር ከየትኛው መምህር እንደተቀበለው ጭምር ይናገራል። ይህን የሚያደርገው መምህሩን ለማክበር ብቻ ሳይሆን፣ የተጠራጠረ ሰሚ ወደ ምንጩ ሄዶ ይጠይቅ ዘንድ ነው። ማጣቀሻ በዘመናዊ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎትም ከዚህ የተለየ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ አብዛኛው መረጃ ከኢንተርኔት በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ኃላፊነት እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል፣ በተለይ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተግባራዊ ምርምር ለሚያካሂዱ መምህራንና ዕጩ መምህራን ማስረዳት ነው።

ችግሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። በዋግ ኽምራ ስለ ሕፃናት የትምህርት አቀባበል የሚያጠና መምህር ሁለት ሰነዶችን መጥቀሱ አይቀርም። አንደኛው የዋግ ኽምራን ሕዝብ 426,213 አድርጎ የመዘገበው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ነው። ሁለተኛው፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛው ሰነድ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአማርኛ ሲጻፍ «2007» የሚል ዓመት ይሰጣቸዋል። ይሁን እንጂ ቆጠራው በክልሉ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቃል ኪዳኑ ይፋ የሆነው በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በቆጠራው ዓመት የተወለደ ሕፃን ቃል ኪዳኑ ሲታወጅ ስምንት ዓመት ሞልቶት ለትምህርት ደርሷል። ስለሆነም «(2007)» ብሎ ብቻ ያለፈ ጸሐፊ ሁለቱን ሰነዶች የአንድ ዘመን ያስመስላቸዋል። በዚህ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ የመማሪያ ክፍልና የመጻሕፍት ብዛት ቢታቀድ ሊደርስ የሚችለውን ጉድለት መገመት አያዳግትም።

የኤሌክትሮኒክ ምንጭ ከታተመ መጽሐፍ የሚለይበት ሌላው ባሕርይ አለመጽናቱ ነው። ቆጠራውን ያካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፤ የድረ ገጹም አድራሻ ተለውጧል። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። አድራሻ ብቻ የያዘ ማጣቀሻ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለአንባቢው የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ከዚህ የተነሣ የሚከተሉትን ነጥቦች መጠበቅ ተገቢ ይሆናል።

ሀ/ የጸሐፊው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም፦ መሥሪያ ቤቱ በሰነዱ ላይ የተጠቀመበት ስም ይጻፋል፤ ስሙ ተለውጦ ከሆነ አዲሱ በቅንፍ ይታከላል። የአባት ስም በሀገራችን የቤተሰብ ስም ስላልሆነ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥ ይቀመጣል። ማጣቀሻ የሚያዘጋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስሙን ስለሚገለብጡት ማረም ያስፈልጋል።

ለ/ ዘመን፦ ከእያንዳንዱ ዓመት ጋር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፋል።

ሐ/ ርዕስ፦ በሰነዱ ላይ እንዳለ ይገለበጣል። የሰቆጣ ስም በላቲን ፊደል በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ስለሚጻፍ፣ አንዱን በሌላው የለወጠ ጸሐፊ አንባቢው ሰነዱን ፈልጎ እንዳያገኝ ያደርጋል።

መ/ አድራሻና የተነበበበት ቀን፦ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ 7ኛ እትም (እ.ኤ.አ. 2019) የንባብ ቀን የሚጠይቀው ይዘታቸው ለሚለዋወጥ ገጾች ነው። ከላይ በተገለጸው ምክንያት ግን በእኛ ሁኔታ ለማንኛውም ድረ ገጽ ቀኑን መጻፍ ይመረጣል። ዲ.ኦ.አይ. የተባለው ቋሚ መለያ ያለው የመጽሔት ጽሑፍ ግን በመለያው ስለሚገኝ ቀን አያስፈልገውም።

ሠ/ ቅጂ፦ የተጠቀሰው ገጽ ታትሞ ወይም በፋይል ተቀምጦ ከጥናቱ ጋር ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ፣ መስመር በሌለበት ጊዜም መረጃውን ማረጋገጥ ይቻላል።

በዚህ መሠረት የቆጠራው ማጣቀሻ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት)፤ የ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት፣ የአማራ ክልል፤» ቀጥሎም ሙሉ አድራሻው፣ በመጨረሻም «የተነበበው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.»።

ዕጩ መምህራን በሚያቀርቧቸው ጽሑፎች ውስጥ «ምንጭ፦ ቴሌግራም» የሚል ማጣቀሻ አልፎ አልፎ ይታያል። ደብዳቤ ያደረሰ ሰው የደብዳቤው ጸሐፊ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቴሌግራምም ሰነዱን አደረሰ እንጂ አልጻፈውም። የሰነዱን ባለቤት ከሽፋኑና ከመግቢያው ፈልጎ ማግኘት የአጥኚው ግዴታ ነው፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ሰነዱን ለማስረጃነት አለመጥቀስ ይሻላል።

በአጠቃላይ ማጣቀሻ ፈታኝን ለማስደሰት የሚጨመር ጌጥ አይደለም። በሰቆጣ የተጻፈ ጥናት በዝቋላም ሆነ በአዲስ አበባ ባለ አንባቢ ሊታመን የሚችለው፣ ያ አንባቢ አጥኚው በሄደበት መንገድ ሄዶ ያንኑ ሰነድ ማግኘት ሲችል ብቻ ነው።