የማረጥ ዕድሜና የሥራ ቦታ

ቀድሞ ባስተማርንበት ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ያለ ነቀፌታ ያገለገሉ አንዲት መምህርት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ አምሳ ሲቃረብ ማለዳ ይዘገዩ ጀመር፤ በስብሰባ መካከል ላብ በግንባራቸው እየወረደ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ይሉ ነበር፤ የለመዱት የተማሪ ስም እንኳ ይጠፋባቸው ነበር። እኛም ነገሩን ሳንመረምር ሰነፉ ብለን፥ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍባቸው ዝም አልን። ምክንያቱን የተረዳነው ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ ነው። የደረሰባቸው ማረጥ እንጂ ስንፍና አልነበረም።

ማረጥ የወር አበባ ፈጽሞ መቋረጡ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ወር በተከታታይ ሳይታይ ሲቀር ደረሰ ይባላል። በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል፤ ምልክቱ ግን ዓመታት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ስለሚቀንስ ድንገተኛ ሙቀት ፊትንና ደረትን ይወርሳል፤ የሌሊት ላብም እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ቢዘነጋና ቢቆጣ ምን ያስደንቃል? አንዳንዷ ብዙም ሳይሰማት ታልፈዋለች፤ ሌላዪቱ ግን በብርቱ ትቸገራለች።

ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ሣራ ሲተርክ ይህን ነገር ሳይሸሽግ ጽፎታል። እኛ ግን በኀፍረት ስለ ሸፈንነው ሴቲቱ ብቻዋን ትሸከመዋለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላም 90 ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ ይሰጣል፤ ስለ ማረጥ ግን ለይቶ የሚናገረው የለም። ሆኖም ሕመሙ የጠናባት ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ አቅርባ በሕመም ፈቃድ ልትጠቀም ትችላለች።

ከሕጉ የሚቀረውን የአሠሪው አስተዋይነት ሊሞላው ይገባል። ወንበሯን ወደ መስኮት ማስጠጋት፥ የሚጠጣ ውሃ ማቅረብ፥ ወፍራሙን የደንብ ልብስ በስስ ጥጥ መለወጥ፥ ሌሊቱን ሳትተኛ ላደረች የመግቢያ ሰዓቷን ማሻሻል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንዳንዴ ደም ስለሚበዛ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትወጣ ፈቃድ አታስጠይቋት። ስታነጋግሯትም በሰው ፊት አይሁን፤ ምስጢሯን ሳትመረምሩ «ሥራውን የሚያቀልልዎ ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ዕድሜ መቀለድም ነውር ነው።

አሠሪ ሲባል የመሥሪያ ቤት አለቃ ብቻ አይምሰለን። በቤታችን ምጣድ ፊት ቆመው እንጀራ የሚጋግሩልን እናት አምሳ ዓመት ሞልቷቸው ይሆናል፤ ለእርሳቸው የእሳቱ ወላፈን እጥፍ ነው። በማለዳው ቀዝቃዛ አየር እንዲጋግሩ፥ በመካከሉም አረፍ እንዲሉ እናድርግ። ችግሩ ከበረታ ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት አለ፤ ወር አበባ ከተቋረጠ ከዓመት በኋላ ደም ቢታይ ግን ሳይውል ሳያድር መመርመር ያስፈልጋል።

እኚያ መምህርት የለመኑን አንድ መስኮት ብቻ ነበር። መክፈቱ ባልከበደን፤ ባለመክፈታችን ግን የሃያ ዓመት ዕውቀት ከትምህርት ቤታችን ወጥቶ ሄደ።