ያልፈለግነውን ዝማሬ የሚያሰማን፦ የኢንተርኔት ሬዲዮና ምእመናን

ከአንኮበር አፋፍ በታች የምትገኘው አሊዩ አምባ፣ ቀድሞ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይወርዱባት የነበረች ጥንታዊት የገበያ ስፍራ ናት። ገበያ የወጣ ሰው ደግሞ ሊገዛ ያሰበውን ብቻ አይቶ አይመለስም፤ ስሙን እንኳ የማያውቀው ዕቃ ዓይኑን ይስበዋል። ለመንፈሳዊ ዝማሬ እንዲህ ያለውን ገበያ ዛሬ የሚከፍትልን የኢንተርኔት ሬዲዮ ነው።

በስልካችን መዝሙር ስንፈልግ የምንጽፈው ቀድሞ የምናውቀውን ስም ነው። ስልኩም ትናንት የሰማነውን የሚመስለውን እያከታተለ ያቀርብልናል። በዚህ ምክንያት የብዙዎቻችን ጆሮ ከጥቂት ዘማርያን አልፎ አይሄድም። በሬዲዮ ግን መራጩ ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ልንፈልገው የማንችለው ዜማ ሳናስበው ይደርሰናል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ይጋርደዋል፤ እንደ ይፋት ባለ ገደላማ አገር ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። የኢንተርኔት ሬዲዮ ድምፁን በጥቃቅን ክፍልፋይ በስልክ መስመር ይልካል፤ ስልኩም እንዳይቆራረጥ ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ያጠራቅማል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በ32 ኪሎቢት ከሆነ ደግሞ ግማሹን። ተንቀሳቃሽ ምስል ከዚህ እጅግ የበለጠ ይበላል። መስመሩ ሲጠፋ ግን ሬዲዮውም አብሮ ይጠፋል።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ አንድ ሲሆን አባቶች ያቆዩልን የቤተ ልሔም፣ የአጫብር፣ የቆማና የተጉለት ስልት አለው። በአጥቢያው አንዱን ብቻ እየሰማ ያደገ ወጣት ሌላውን ሲሰማ «ተሳሳቱ» ሊል ይችላል። ደጋግሞ ሲያደምጥ ግን ስሕተት የመሰለው የሌላ ቤት ሀብት መሆኑን ይረዳል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክም ከዚህ ጋር ይነሣል። በ1916 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተማሩ፤ በኋላም መንኩሰው ለ10 ዓመት ያህል በግሸን ማርያም ኖሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለችግረኞች መርጃ ነበር። በፒያኖ የደረሷቸው ሥራዎች የቅዳሴ ዜማ አይደሉም፤ የያሬድ ዜማ መዓዛ ግን ይሸትባቸዋል። ስማቸው በዓለም የገነነው ሥራዎቻቸው በ1998 ዓ.ም በ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ ከወጡ በኋላ፣ በውጭ አገር ሬዲዮኖችና በኢንተርኔት አማካይነት ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ብዙዎቻችን አናውቃቸውም ነበር። የገዛ እናታችንን ባዕዳን ማስተዋወቃቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ያሰኛል።

ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ስም የያዘ ጣቢያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ማን እንደሚያስተዳድረው ሳያጣሩ ልጆችን እንዲያዳምጡ መተው አይገባም፤ «መዝሙር» ከተባለው ውስጥ ቃሉም ዜማውም ከሥርዓታችን የራቀ አይጠፋም። አዲስ ዝማሬ ሲሰሙ የዘማሪውንና የደራሲውን ስም መዝግቦ መምህር መጠየቅ ይበጃል።

የቆላው ሰንበት ትምህርት ቤቶች ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም። አንድ ስልክና አንድ ድምፅ ማጉያ ይዘው በሳምንት ለአንድ ሰዓት ቢሰበሰቡ፣ የአጥቢያው መሪጌታም አብረው ተቀምጠው የሰሙት ግእዝ ይሁን ዕዝል ወይም ዓራራይ ቢያስረዷቸው፣ በአንድ ጾም ወራት ብቻ ብዙ ይማራሉ።