የካባው ጉድጓድ በምን ይሞላ?

ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ሲጓዙ፣ ጎናቸው የተቦረቦረ ኮረብታዎችን ልብ ብለው ይሆናል። ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ የወጣባቸው ካባዎች ናቸው። የምንኖርበት ቤት፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ አውቶቡሱ የሚሄድበት አስፋልት ሳይቀር ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የተገኘ ነው። ሥራው አብቅቶ መኪናዎቹ ሲሄዱ ግን የሚቀረው ገደልና በክረምት ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ይሆናል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አገር የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው፤ ዋና የማይችል ልጅ ላላት እናት ደግሞ ምን እንደሆነ መናገር አያሻም።

ታዲያ አንድ ሰው ተነሥቶ «ጉድጓዱን እኔ ልሙላላችሁ፤ መሬቱም ይለማል» ቢልዎ ደስ አይልዎትም? ነገር ግን በምን ሊሞላው ነው? በልዩ ልዩ አገሮች ለዚህ ሥራ ከሚቀርቡት መካከል የሕንፃ ፍርስራሽ፣ ከቆሻሻ ማቃጠያ የሚወጣ አመድና ከከተማ ጥራጊ የተዘጋጀ ብስባሽ ይገኙበታል። ክርክሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «መሬት ማዳን ነው» ሲል፣ ሌላው «ቆሻሻን በሌላ ስም መቅበር ነው» ይላል።

በኢጣልያ የባሪ አስተዳደርና አንድ የሕንፃ ሥራ ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ ተካሰው እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ለማንኛዋም የቤት እመቤት የሚገባ ነው። ይህ ቆሻሻ ባይገኝ ኖሮ ጉድጓዱ በሌላ ነገር ይሞላ ነበርን? የሚሞላ ከነበረና ቆሻሻውም ለሥራው የሚስማማ ከሆነ ሥራው መሬት ማልማት ነው፤ አለዚያ ግን መጣል ነው። እኔ ከዚህ የቀለለ ሚዛን አላየሁም።

ካባን ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዝናብ በተከመረ ቆሻሻ ውስጥ ሲያልፍ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ደህና አፈር ካለ ፍሳሹን በመጠኑም ቢሆን ይይዘዋል፤ በካባ ግን አፈሩ አስቀድሞ ተነሥቷል። የቀረው የተሰነጠቀ ዓለት ስለሆነ ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚደርስበት መንገድ ያጥራል። ንጹሕ አፈርና ድንጋይ ብዙም አያሳስብም። አመድ ግን እርሳስና ሌሎች ብረቶችን ሊይዝ ይችላል፤ ከተደባለቀ ጥራጊ የተሠራ ብስባሽም የመስታወት ስባሪና የባትሪ ድንጋይ ርዝራዥ አያጣውም። የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ከሚሴ አካባቢ እንደሚወርድ፣ በጨፋ ሜዳም በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እንደሚያሰማሩ ለሚያውቅ፣ ውሃ የአንድ ቀበሌ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል የተባለው ቦይ በኬሚካል ዝቃጭ ከተሞላ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በአንድ ዶላር ለትምህርት ቤቶች ቦርድ ተሰጠና ትምህርት ቤት ተሠራበት። ከ25 ዓመት በኋላ ሎይስ ጊብስ የተባለች እናት ጎረቤቶቿን አስተባብራ ጮኸች፤ እ.ኤ.አ. በ1978 አደጋው በመንግሥት ታውጆ ቤተሰቦች ከስፍራው ተነሡ።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተሸከመው የረጲው ቆሼ እንዲዘጋ ታስቦ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ። ሥራውን በጀመረ ዓመት ሳይሞላው በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ገበሬዎቹ ውሃችንና ከብታችን ብለው መጮኻቸውን ጥፋት አልለውም። ጥፋቱ ቦታው ከመመረጡ በፊት በቅጡ አለመነጋገር ነው ባይ ነኝ።

ሕጉ መነጋገርን አዝዟል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባለ ፈቃዱን መሬቱን መልሶ የማልማት ግዴታ ጥሎበታል። መልሶ ማልማት ሲባል የግድ መሙላት እንዳልሆነም ይወቁ፤ ገደሉን በእርከን አላልቶ፣ የውሃ መውረጃ አበጅቶ፣ የተነሣውን አፈር መልሶ ዛፍ መትከልም አለ። ለእዚህ ደግሞ የማንም ጥራጊ አያስፈልግም።

እንግዲህ በሰፈርዎ አንድ ካባ ይሞላል ተብሎ ስብሰባ ከተጠራ፣ ቁሳቁሱ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደመረመረው ይጠይቁ። መኪናዎቹ ከሄዱ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ የጉድጓዱን ውሃ የሚያስመረምረው፣ ወጪውንስ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ በቃል ብቻ እንዳይቀር በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ ይበሉ። ስብሰባው በገበያ ቀን ከተጠራ ደግሞ ሴቶች አይገኙምና፣ ከሁሉ አስቀድመው ቀኑን ያስለውጡ።